ጨው የተቀባችው የድመት ልጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ጥሎብኝ ስለሄደ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ትምህርት የጀመርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ንባብ እንደ ርሃብ ይዞኝ ቀርቷል። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ አንብቤ ካልደረስኩበት ዕረፍት የለኝም።

የክፍላችንን ወረቀት ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት ነበረችን። አንድ ጠዋት አስፋልቱን ስትሻገር ባጃጅ ገጫትና ሞተች። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ሦስት ልጆቿ ሲንጫጩ አገኘናቸው።

በትልልቅ ከተሞች ለእንዲህ ዓይነቶቹ ማቆያ እንዳለ፣ ሰዎችም እስኪጠነክሩ ድረስ በአደራ ወስደው እንደሚያሳድጓቸው አንብቤ ነበር። በእኛ ከተማ ግን እንዲህ ያለ ቦታ አላውቅም። ማቆያው የእኔ ቤት ሆነ።

የፍየል ወተት ለብ አድርጌ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አጠጣኋቸው። ሁለቱ በረቱ። ሦስተኛዋ፣ አመድማዋ፣ መጀመሪያ ጠጥታ በማግስቱ አፏን ገጠመች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስለ ወተቱ ዓይነት አነበብኩ፤ ስለ ሙቀቱ አነበብኩ። ምንም አላጎደልኩም። እሷ ግን እየደከመች ሄደች።

አብራኝ የምትሠራው ትርንጎ ይህን ስታይ፣ «እናቴ ዘንድ እንውሰዳቸው» አለችኝ። የእናቷ ድመት ከወለደች ገና ጥቂት ቀኗ ነው፤ ልጆቿን ግን ሽለምጥማጥ ፈጅቶባት ጡቷ እንደሞላ ቤቱን እየዞረች ትጮሃለች አለች።

«ድመት የሌላዋን ልጅ ትቀበላለች?»

«እኔ ምኑን አውቄ! እናቴን ጠይቂያት።»

ቅዳሜ ግልገሎቹን በቅርጫት ይዘን ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ድምፃቸውን ሰምተው፣ «ጫጩት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ድመት ነው።»

«ድመት በመኪና! እኛ አማታችንንም በእግር ነው የምንሸኝ» አሉ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ክዳኑን ገለጥ እያደረግኩ የአመድማዋን ትንፋሽ ነበር የማየው።

ከቡሬ በጋሪ ትንሽ ተጉዘን፣ የቀረውን ጭቃ በእግራችን አቋርጠን ደረስን። የትርንጎ እናት እትዬ እንጉዳይ ግልገሎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ቀጥታ ወደ ጨው ዕቃቸው ሄዱ።

«የበግ ግልገል እናቱ ስትሞት ጨው ቀብቼ ለሌላዪቱ አስጠጋዋለሁ። ጨዉን ስትልስ ትለምደዋለች፤ በዚያው ልጇ ይሆናል» አሉ።

«እትዬ፣ ድመት ጨው ትወዳለች እንዴ?»

«ጨው የሚጠላ ማን አለ?»

ሦስቱንም ጨው በጨው አደረጓቸው። ድመቷ ቀረበች፣ አሸተተች፣ አስነጠሳት፤ መዳፏን አራግፋ ቆጥ ላይ ወጣች።

«እማዬ፣ በግ አይደለሁም እያለችሽ ነው» አለች ትርንጎ።

«አንቺ ዝም በይ! ከተማ ገብተሽ አፍሽ ሰፋ።»

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። «ጨዉ ሳይጎዳቸው ይታጠብልኝ» ብዬ ለመንኩ። እትዬ እንጉዳይ ቅር እያላቸው ለብ ያለ ውኃ አመጡ፤ ጨርቅ ነክረው አመድማዋን ከሆዷ በታች ወደ ጅራቷ ያብሷት ጀመር።

«ውይ! እንግዳሽ ሸናችብኝ!»

ሸናች ብቻ አይደለም፤ አላቆም አለች። የተወጠረው ሆዷ እያየሁት ረገበ። ቤቴ ያነጠፍኩላቸው ጨርቅ ሁልጊዜ እርጥብ ስለነበር ሦስቱም የሚሸኑ መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ አልሸናችም ኖሯል። ወዲያው አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቤቱን በሚያደነቁር ድምፅ ጮኸች።

ቆጡ ላይ ያለችው ድመት ጆሮዋን አቆመች።

«በሉ፣ ዓይናችሁን ንሱላት» ብለው እትዬ እንጉዳይ ገፍተው አወጡን። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ ላይ ልጥፍ ስል ነጠላዬን ይዘው ጎተቱኝ። «አንቺ ስትወልጂ በቀዳዳ ያየሽ አለ?» አሉኝ። ደጅ ተቀምጠን ጠበቅን።

ስንገባ ድመቷ ወርዳ በጎኗ ተኝታለች። ሁለቱ ተለጥፈው ይጠባሉ። አመድማዋን በመዳፏ ይዛ፣ ልክ ጨርቁ የነካትን ቦታ ትልሳታለች። ከዚያ እሷም ጡት ያዘች።

ቤቴ ስመለስ አነበብኩ። ዓይኑን ያልገለጠ የድመት ልጅ እናቱ ካልላሰችው በራሱ መሽናት ያቅተዋል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲተሻሹ ቀንቷቸው ኖሯል። ጽሑፉ እዚያው ስልኬ ላይ ነበረ። እኔ ወደ ሆዷ የሚገባውን ብቻ ስፈልግ የሚወጣውን አልፈለግኩም።

ሲጠነክሩ አንዱ ከእትዬ እንጉዳይ ጋር ቀረ፤ አንዷን ለመሥሪያ ቤታችን አመጣን። አመድማዋ ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ናት። ድመቷ ግን ለምን ከቆጥ ወረደች? እኔ የሽንቱ ሽታ ነው እላለሁ፤ ትርንጎ ጩኸቱ ነው ትላለች። እትዬ እንጉዳይ ጨዉ ነው ብለው ጸንተዋል።

በቅርቡ ደውለው፣ እናቱ የሞተችበትን የጎረቤታቸውን የድመት ልጅም ጨው ቀብተው ለሌላ ድመት እንዳስጠጉላቸው ነገሩኝ።

«እትዬ፣ አጠቡት ግን?» አልኩ ደንግጬ።

«አጠብኩት እንጂ! ጨው ተቀብቶ ሳይታጠብ ሊቀር ነው?»

ከዚያ በኋላ ልከራከራቸው አልፈለግኩም። አሁን ነገሩ ትዝ ሲለኝ የሚሰማኝ ደስታ ነው፤ ትንሽ ደግሞ በእሳቸው እርግጠኝነት ቅናት። ያን ቀን በስንጥቁ ሳላይ መቅረቴ አሁንም ይቆጨኛል።