የማዳም ሰልማ ጠረጴዛና የከድጃ ስም

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ወልቂጤ ያለውን ቤቴን ከጥግ እስከ ጥግ አጠብኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ልጄ ብርነሽ የልጅ ልጄን አዝላ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ የአረብ ቤት ማጽዳትሽ አይቀር፤ ዛሬን እንኳ ተቀመጪ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ እንደማለቅስ አውቃለሁ። ጎረቤት ሊሰናበተኝ ሲመጣ ወለሉ ስላልደረቀ ሁሉም ደጅ ቆሞ ቆጮውን በአይብና በጎመን በላ፤ እዚያው ደጅ መረቀኝ። በማግስቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፈርኩ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ እጄ በረኪና በረኪና ይሸተኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁ ሰዎችና ሻንጣችሁን ላዘጋጃችሁ ሴቶች ነው። የተማርኩት እምድብር ነው፣ እሱም እስከ አራተኛ ክፍል፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎድል ነገሬን እዩልኝ።

ጉዞዬ በውሸት ነው የተጀመረው። ደላላው «ከሠላሳ አምስት በላይ አይወስዱም» ስላለኝ ቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ዕድሜዬን ቀነስኩ። አርባ ስድስት ነበርኩ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

«እማማ፣ ስንት ነው ያሉኝ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«እዚያ በር ላይ የሚያለቅሰው ልጅ የማን ነው?»

«የልጅ ልጄ።»

«በሠላሳ ሁለት ዓመትዎ አያት ሆኑ?»

«እኛ ሰፈር ፈጥኖ ነው የሚደርሰው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ሳቀና ጻፈልኝ። እኔም ሳቅኩ። ሚዛን የምታጎድል ቅቤ ሻጭ ሳይ ገበያ መሃል የምጮኸው ሴት፣ ከገዛ ዕድሜዬ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት አጉድዬ ሳቅኩ።

ቤይሩት የእኛን አገር የቆሼ ከተማን ሙቀት ታስመሰግናለች። የቆሼው ደረቅ ነው፤ ጥላ ካገኘሽ ያልፋል። የዚህኛው እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊትሽ ላይ ይለጠፋል፤ ጥላ ውስጥም ይከተልሻል። የመጀመሪያ ሁለት ዓመቴን በኮንትራት አንድ ቤት ውስጥ ጨረስኩ። ፓስፖርቴ የማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ፣ እኔ ደግሞ ከፓስፖርቴ ጋር ተቆልፌ። ኮንትራቱ ሲያልቅ በሰዓት የሚሠሩትን ተቀላቀልኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ባየሁት ሰው ስም ነበር፤ የማጸዳው ግን አምስት የተለያየ ቤት። ይህ ክልክል ነው። አንዷ ማዳም ተቆጥታ ፖሊስ ብትጠራ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ምክንያት ብዬ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እሱን ነው።

ከሦስት አበሾች ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። አከራያችን አቡ ጆርጅ አፍንጫው ከፖሊስ ውሻ ይብስ ነበር። ከአገር የመጣ ቅቤ ያነጠርኩ ቀን በሩን ሊሰብረው ደረሰ።

«ምንድን ነው የሞተው?»

«ምንም አልሞተም። የአገሬ ቅቤ ነው።»

«ቅቤው መቼ ነው የሞተው?»

«አቡ ጆርጅ፣ አንተ የምትበላው አይብ ከዚህ የባሰ ይሸታል። እኔ ግን አንድም ቀን ለቅሶ መጥቼብህ አላውቅም።»

ሚስቱ ደረጃው ላይ ሆና ሳቀች፤ በዚያው ዳንን።

አሁን ስለ ሥራው። «ቤት ማጽዳት ለማን ያቅታል» ብላችሁ አትምጡ፤ እኔ እንደዚያ ብዬ ነው የመጣሁት። ቤት የሚጸዳው ከላይ ወደ ታች ነው። ኮርኒሱን፣ መብራቱን፣ መደርደሪያውን ሳትጨርሺ ወለል ከነካሽ ያንኑ ወለል ሁለቴ ታጥቢዋለሽ። አቧራው በደረቅ ጨርቅ ሳይነሳ ውኃ አታስነኪ፣ ጭቃ ይሆናል። የመጸዳጃ ቤት ጨርቅና የወጥ ቤት ጨርቅ በቀለም ይለይ፤ አለዚያ ማዳሟ ባታይም እግዜር ያያል። በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። እኔ «ሁለት ኃይለኛ ከአንድ ይበልጣል» ብዬ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ቀላቅዬ ደረቴ ሳምንት ሙሉ እንደ ወናፍ ሲያፏጭ ከረመ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከጉልበታችሁ በታች ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፤ ጉልበት እንደ ጨርቅ አይቀየርም።

ፎቅ ላይ የመስታወቱን የውጭ ወገን ለመወልወል መስኮት ላይ አትውጡ። ማዳም ትጩህ። እኔ አንዷን «መስታወትሽ ቆሽሾ ይኑር፣ እኔ ንጹሕ ሆኜ አልሞትም» ብያታለሁ። ሰደበችኝ እንጂ አላባረረችኝም። አዲስ ቤት ስትገቡ ከሥራ በፊት ዞራችሁ እዩ፤ የተሰነጠቀ፣ የተቃጠለ፣ የተጫረ ካለ ባለቤቷን ጠርታችሁ አሳዩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምክር ግን ይሄ ነው፤ እኔው ያልሠራሁበት። ያበላሻችሁትን በዚያው ደቂቃ ተናገሩ።

ከድጃን ያወቅኳት በሰዓት መሥራት ከጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ ማዳም ሰልማ ቤት ነው። ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች የመስቃን ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ይሆናት ነበር፤ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ መጥታለች። እሷ በኮንትራት እዚያው ትኖራለች፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለከባዱ ጽዳት እመጣለሁ። የእሷ ጉራግኛና የእኔ ስለማይገጥም በአማርኛ እንጫወት ነበር፣ እሷም በራሷ ቅላጼ፣ እኔም በራሴ። «እትዬ አስካለ» ትለኛለች። ከባዱን ባልዲ ከእጄ ትቀማኝ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ማዳም ሰልማ ከእናቷ የወረሰችው ነጭ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ነበር። አንድ ቅዳሜ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ትቶበት አገኘሁ። በውኃ ወለወልኩት፣ እምቢ አለ። ወጥ ቤት ሄጄ ሎሚ ቆረጥኩ።

«እትዬ፣ እሱን ማዳም በውኃ ብቻ ብላለች» አለች ከድጃ።

«አንቺ ሳትወለጂ የእናቴን የነሐስ ሰሃን በሎሚ የምፈትግ እኔ ነኝ» አልኳት። «ለመስቀል ስናጸዳ ፊትሽን ታዪበት ነበር።»

«እሱ ነሐስ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ምን ይሆናል?»

ሎሚና ጨው አድርጌ ፈተግኩት፤ እንዲለቅ ብዬ እላዩ ላይ ትቼው መስኮት ወደ መወልወል ሄድኩ። ስመለስ የቡናው ክብ የለም። በእሱ ፈንታ ሰሃን የሚያህል ቦታ አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ደብዝዟል፣ ወተት ፈስሶ የደረቀበት ይመስላል። በጣቴ ስዳስሰው ይሻክራል። ሎሚ እብነ በረድ ይበላል፤ ኮምጣጤም ይበላል። እስከዚያ ቀን የነገረኝ የለም፤ ከነገረችኝ ከአንዷ በቀር።

ማዳም ሰልማ ከገበያ ገባች። አየችው።

«ሚን ዐሚል ሄክ?» አለች። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ማለቷ ነው።

የዚህን ደቂቃ ነገር በደንብ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ያውም በባዕድ ፊት ታላቁን አያጋልጥም። ከድጃ እኔ እንድናገር ጠበቀችኝ። እንደ ወጓ እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ወለል ላይ ጣል አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ፖሊስ፣ ወረቀት፣ አውሮፕላን ነበር። ተናገሪ፣ ተናገሪ እላለሁ ለራሴ፤ እጄ ግን የመስኮቱን ጨርቅ ያጥፍ ጀመር።

«እያት!» አለች ማዳም ወደ እኔ ዞራ። «ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። እሷ ናት! ልጆቼም እንዲህ ናቸው ሲያጠፉ።»

ማዳም ሰልማ የእኛን ጨዋነት እንደ ጥፋት አነበበችው። እኔ ግን ማንበብ እችል ነበር። አላረምኩም። ከድጃ ያን ጊዜ ቀና አለች፤ ያየችው ማዳምን አይደለም፣ እኔን ነው። ከዚያ መልሳ አቀረቀረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩን የከፈተችልኝ ማዳም ራሷ ናት። ከድጃን የመክተቡ ሰው፣ ያስመጣት ቢሮ ማለት ነው፣ መጥቶ ወስዷታል፤ ኮንትራቷ ሳያልቅ ወደ አገሯ መልሰዋታል። ያን ቅዳሜም ቤቱን አጸዳሁ። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አጸዳሁት። ያንን ጠረጴዛ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀስ ብዬ፣ የሕፃን ፊት እንደምጠርግ እጠርገው ነበር። አንድ ቀን ማዳም «አንቺ እንዴት ጠንቃቃ ነሽ» አለችኝ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጾም አንዲት አዲስ የመጣች የቡታጅራ ሴት እኛ ክፍል አደረች። ወሬ ወሬን ሲያነሳው ከድጃን ጠየቅኳት፤ ታውቃታለች።

«ያቺ በሌብነት የመለሷት?» አለችኝ።

«ማን ነው ሌባ ያላት?»

«ሁሉም። ሴትዮ ከዓረብ አገር ኮንትራቷ ሳያልቅ ስትመለስ ምን ይባላል? ባለፈው የሴቶች ዕድር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማን ይያዝ ሲባል የእሷ ስም ተነሳ። አንዷ ቆማ 'ለእሷማ አይሰጥም' አለች። ከድጃ ምንም ሳትል ነጠላዋን ደርባ ወጣች አሉ።»

የዕድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ድስትና ብርጭቆ ነው ያለበት። ያንን የሚከለከል ሰው ምን የሚታመንበት አለ?

መጀመሪያ ማዳም ሰልማ ቤት ሄድኩ። ቤቱን ሸጣ ልጇ ዘንድ ፈረንሳይ ገብታለች። ከዚያ የከድጃን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም። ማን ልበል?»

«አስካለ ነኝ። የቤይሩቷ።»

«እትዬ፣ ደኅና ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ከድጃ፣ ጠረጴዛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አጠገብሽ ቆሜ አልነበር እንዴ? ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ብልሽ እነሱ ያምኑኛል?» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የዕድሩ ሴቶች ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ደውዪ። ስልኩን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ለእነሱ ንገሪ።»

ዓርብ፣ ባለችኝ ሰዓት፣ ደወልኩ። ከድጃ ስልኩን መሃል አስቀመጠችው፤ ሴቶቹ ዝም ዝም ሲባባሉ ይሰማኛል። ስሜን፣ አገሬን፣ የእነማን ልጅ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ጠረጴዛውን ነገርኳቸው፣ ሎሚውን ነገርኳቸው፣ እሷ እንደከለከለችኝ፣ እኔ ዝም እንዳልኩ። «ከድጃ የሰው ዕቃ አልነካችም። የእኔን ጥፋት ተሸክማ ነው የመጣች» ብዬ ጨረስኩ። ቀለለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ቀለለኝ።

አንድ ያረጀ የሴት ድምፅ ተናገረ። «ልጄ፣ ያልሽው ጥሩ ነው። ግን አንቺ ማን ነሽ? ስልክ ላይማ እኔ ሩቂያም የባላባት ልጅ ነኝ ብል ማን ይከለክለኛል?»

ሳቁ።

«ከድጃ አስጠንታት ቢሆንስ?» አለች ሌላዋ።

«በዳይ በስልክ አይክስም» አሉ እማማ ሩቂያ። «ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ትምጣና እዚህ ሽማግሌ ፊት ትቁም። ሰው ሰውን የሚያምነው ፊቱን አይቶ ነው።»

የሚከራከራቸው አልነበረም። እኔ ራሴ እዚያ ብቀመጥ እንደዚያ ነበር የምለው። ፍርድ ያጓደለ በሩቅ ሆኖ አይዳኝም።

ስለዚህ ይህን ከነስሜ ጻፍኩት፤ ወልቂጤም ቡታጅራም ያላችሁ አንብቡት፣ ለማያነብም አንብቡለት። ግን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ወረቀቴ ካለፈበት ቆይቷል፤ አንዴ ከወጣሁ መመለስ የለም። ብርነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የእኔን እጅ ነው የምታየው፤ ያ በር ላይ ያለቅስ የነበረው ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው። እሱን ይዤ ከድጃን እመዝናለሁ፣ ከድጃን ይዤ እሱን እመዝናለሁ። ሚዛኑ በማን እጅ እንዳለ ደግሞ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን በያዘ ሰው ላይ ስጮኽ ኖሬአለሁ።

ያን ዓርብ ሴቶቹ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ከድጃ ስልኩን አንስታ ወደ ደጅ ወጣች መሰለኝ፤ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ።

«ሰማሽ እትዬ?»

«ሰማሁ።»

አልተቆጣችም። እንደዚያ ቀን ነው የጠበቀችኝ፣ እኔ እስክናገር። ባጃጁ አለፈ። ሌላም አለፈ።

«ታዲያ?» አለች።