ገባኝ ብዬ የፈረምሁበት ቅጽ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የተላክሁት የአንድ ሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልምድ በአሥር ቀን ተቀብዬ እንድመለስ ነበር። ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው የውጭ ኩባንያችን የየከተማውን ሥራ ሰብስቦ ባሕር ማዶ ላለ ማእከል ሊያስረክብ ወስኗል። የሞጣው የሥርጭት ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ከእሳቸው ተምሬ ማእከሉን ማስተማር የእኔ ፋንታ ሆነ።

ሰውየው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ናቸው። አንድ ነገር አንዴ ይናገሩና ዝም ይላሉ፤ ያልገባው ተማሪ ተመልሶ ይጠይቃል፣ እሳቸው የሚያውቁት ሥርዓት ይኸው ነው። እኔ ደግሞ አባቴ የሚሆኑትን ሰው "ይድገሙልኝ" ማለት አሳፈረኝ። "ገባህ?" ሲሉኝ "ገባኝ ጋሼ" እላለሁ። በአሥረኛው ቀን ማእከሉ የላከውን ቅጽ አውጥቼ "ተረድቻለሁ" በሚለው ሁሉ ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምሁ። እሳቸውም ቅጹን ረጅም ጊዜ አዩትና ፈረሙልኝ።

ሰኔ ላይ ማእከሉ የጭነቱን ተራ ቢቸና ላከልኝ። ከሞጣ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ደነገጥሁ። ጋሼ አንድ ቀን "እነሱን ቀድመህ ሸኝ" ብለውኝ ነበር። ይህንኑ ማእከሉ ውስጥ ለምትሠራው ልጅ በስክሪን ነገርኋት።

"ምክንያቱ ምንድን ነው?" አለችኝ። አላውቀውም። ያለ ምክንያት ተራ እንደማይቀየር በትሕትና አስረዳችኝ። ትክክል ነበረች፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ወደ ሞጣ መደወል ብቻ ነበር የቀረኝ። ገባኝ ብዬ የፈረምሁ ሰው ምን ብዬ ልደውል? ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥሁት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ አፌን ለጉሜ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ በሞጣ በኩል ሲጠቁር አላስችል አለኝና ደወልሁ።

"የማዶው መንገድ ጥቁር መረሬ አፈር ነው" አሉኝ። "አንድ ደህና ዝናብ ከጣለበት እስከ መስከረም መኪና አይገባም። ጭነቱን ልከኸዋል?"

"አልላክሁትም ጋሼ።"

"እዚህ ከጧት ጀምሮ እየጣለ ነው።"

"ለምን ያኔ አልነገሩኝም?" ስል ድምፄ ከፍ አለ። አሁንም ድረስ አፍርበታለሁ።

"ገባኝ አልኸኝ እኮ ልጄ። ገባኝ ያለን ሰው አልገባህም ልበለው?"

የማዶው ዘር ሞጣ መጋዘን ውስጥ ከረመ። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ማዶ ሄድሁ። ገበሬዎቹ ለቀለብ ያስቀመጡትን እህል ዘርተው ማሳው እዚህም እዚያም ሳስቷል። እናቴ የሚሆኑ ሴት ዳር ላይ ጎንበስ ብለው ያርማሉ።

"ምነው በዚህ ክረምት ረሳችሁን?" አሉኝ።

ሰበብ ሞልቶልኝ ነበር፤ ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ማእከሉ። እውነቱን ነገርኋቸው። "አልረሳናችሁም እማማ። መጠየቅ አፍሬ ነው።"

ያረሙትን ሣር እንደያዙ ቀና አሉ። "ታዲያ ዘንድሮን ምን በልተን እንከርማለን?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ መልስ እየጠበቁ ነበር።