መሬት ላይ አልተረጋገጠም

መምህርት ሕሊና ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት የቤተ ሙከራውን የብረት ቁም ሣጥን ከፍታ ጂፒኤሶቹን አንድ በአንድ በእጇ ትዳስሳለች። በግጭቱ የተነሳ መንገዱ ከከፋ ወዲህ ተማሪ ይዟቸው አይወጣም፤ የካርታ ሥራ የምታስተምረው ከሳተላይት ምስል ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ሰው የቆመበትን ቦታ በቁጥር ይመዘግባሉ። ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የተገኘ ሰው ለድሮን ቦታ ጠቋሚ ይባላል፤ አንዴ ከተባለ በኋላ ማስተባበሉ ከባድ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንዱ ጎድሏል።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ አወቀ፣ የእርሷ ተማሪ መልካሙ እንደወሰደው ነገራት። እርሷ የፈቀደችለት መስሎት ነበር። የመልካሙ የመመረቂያ ሥራ በእንፍራንዝ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ምን ያህል የእርሻ መሬት እንደያዘ የሚያሳይ ካርታ ነው። ሕሊና ካርታው ጠርዝ ላይ በቀይ “መሬት ላይ አልተረጋገጠም” ብላ ጽፋበታለች። የዓመታት ልማድ ነው፤ በሁሉም ሥራ ላይ እጇ ሳታስበው ይጽፈዋል። ልጁ ግን ትእዛዝ አድርጎ ወሰደው።

የመልካሙ ስልክ ዝግ ነው። ከሬጅስትራር ያባቱን ቁጥር ተቀብላ ደወለች። አባቱ አያ ወልደ ገብርኤል ሳይቆጡ ነገሯት፤ ልጁን ታጣቂዎች ይዘውታል፣ አልመቱትም። ቀሳውስትና ሽማግሎች ቢለምኑም መሣሪያው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ጠፋ። ልጁ ራሱ ባስረዳ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል።

“ምነው ልጄ፣ ባሕር ዛፍ እንደሁ አይሸሽ” አሉ አባቱ። “ሸጋ ቀን እስኪመጣ ቢጠብቅ ምን ነበረበት?”

ከዚያ ስልኩን አጠገባቸው ካሉት ታጣቂዎች አንዱ ተቀበላቸው። ስሙን አልተናገረም። ድምፁ የወጣት ነው፣ የረጋ ነው፤ እርጋታው ይበልጥ አስፈራት።

“የላክሽው አንቺ ነሽ?”

አልላክሁም ማለት ትችል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንባትም። ግን እርሷ ካልላከችው፣ ማን ላከው ብለው ይጠይቁታል።

“እኔ ነኝ። የማስተምረው እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው መጥተሽ አስረጂን። ከፈራሽ ቄስ አስከትለሽ ነይ።” ከወዲያ በኩል የሰዎች ሳቅ ተሰማ።

አወቀ እንዳትሄድ ለመናት። ቁስቋም ሰፈር ላሉት እናቷ አልደወለችም፤ ድምፄ ያጋልጠኛል ብላ ነው። የልጁን ካርታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ በር ላይ ስትደርስ የመንገዱ ፍተሻ ትዝ አላትና መልሳ አውጥታ ለአወቀ ሰጠችው። ካርታ የምታስተምር ሴት ያለ ካርታ ወደ አዘዞ መናኸሪያ ወረደች።

የእንፍራንዝ ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ከሹፌሩ ኋላ እጆቿን ጉልበቷ መካከል ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ገበሬዎች ተጨመሩና ረዳቱ በሩን ዘጋው።