የመስኮቱ ተራ

ልጅ እያለሁ አባቴ «እሺ» የሚለው ነገር በጣት የሚቆጠር ነበር። የምንኖረው ሄግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የጎረቤት ሽንኩርትና የእርጥብ ኮት ሽታ ነበረው። አባቴ ትራም ያጥባል፤ እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች። የክፍል ጓደኞቼ በየበጋው ድንኳን ጭነው ፈረንሳይ ሲሄዱ እኛ በትራም እስከ ባሕሩ ዳርቻ ከደረስን ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ አባቴ ምሳ ላይ «ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም በባቡር ሮም እንሄዳለን» ሲል ማንኪያዬን አስቀምጬ ፊቱን አየሁት። ቀልዱን አልነበረም።

ሮም የፅጌ እናት ትኖር ነበር። ፅጌ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አክስቴ አበራሽ ሮም በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር ልጅ ይዛ መኖር አልተፈቀደላትም። ልጇን ለእህቷ፣ ለእናቴ ሰጠቻት። ፅጌና እኔ አንድ አልጋ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ ብስክሌት ነበረን። እናቷን ካየች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ደች ደህና አድርገን የምናነበው እኛ ነንና ዕቅዱ ለኛ ተተወ። ከቤተ መጻሕፍት ወፍራሙን የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ተውሰን፣ ካርታውን ወለሉ ላይ ዘርግተን በሆዳችን ተኛን። ከሄግ ሮተርዳም፣ ብራስልስ፣ ባዝል፣ ሚላን፣ ሮም። እኔ ከድሮም አድልዎ አልወድም። ለመስኮቱ ወንበር በማስመሪያ አስምሬ ተራ ጻፍኩ፤ እስከ ባዝል እሷ፣ ከባዝል እስከ ሚላን እኔ፣ ከዚያ እስከ ሮም እሷ።

«ተራራው ያለው ባንቺ ተራ ላይ ነው፤ አንቺ ሌባ!» አለችኝ።

«አንቺ እናትሽን ታገኛለሽ፤ እኔ ተራራ ባይ ምን አለበት?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ለሁሉም እሺ አለ። ባዝል ወርደን አይስክሬም እንብላ? እሺ። ለፅጌ አዲስ ጫማ? እሺ። እናቴ፣ ድንች እንኳን እኩል ቆርጣ የምታካፍል ሴት፣ ሥጋውን ለፅጌ ታበዛ ጀመር። ፅጌ ለእናቷ ቢጫ ሻርፕ በክር እየሠራች «ደብዳቤ አልመጣም?» ስትል፣ እናቴ «የጣሊያን ፖስታ ቤት አድማ ላይ ነው» ትላታለች። እኔን ግን የከነከነኝ ሥጋው ነበር። ቅናት ነው፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ እናቴ ሥራ ቦታ ልከራከራት ሄድኩ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቷን ስታወልቅ ደረስኩ። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ቤት ለብሳው አይቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

በረኪና በሚሸት እጇ አፌን ያዘች። «አበራሽ» አለች። እህቷ ሞታ፣ ማልቀስ የምትችለው እዚያ፣ ከባልዲና ከመጥረጊያ ጋር ብቻ ነበር።

«ለፅጌ ንገሪያት!»

«አርባዋ ላይ ሮም እናደርሳታለን። የእናቷ ጓደኞች አሉ፤ ቄሱ አሉ። እዚያ ያረዷታል። እዚህ ማን አብሯት ያለቅሳል? ጮክ ብለን ብናለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።»

«ሁላችን አውቀን እሷ ብቻ? የራሷ እናት እኮ ናት!»

«መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም። ዝም በይ!»

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ወንበር እንድናስይዝ ሁለታችንን ወደ ባቡር ጣቢያው ላኩን። ወረፋው ረጅም ስለነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፅጌ ሻርፑን ከቦርሳዋ አውጥታ አንገቴ ላይ ለካችው። «የእናቴም አንገት እንዳንቺ ረጅም ነው» አለችና ሳቀች። አልቻልኩም። ነገርኳት።

አልጮኸችም። ክሩን ጠቀለለች፤ ሻርፑን አጥፋ አስቀመጠች።

«መቼ?»

«ወር ሊሆነው ነው።»

«ስለዚህ ነው ሥጋው» አለች። ቀጥላም፣ «እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያቸው። ለኔ ብለው ነው የሚደክሙት።»

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባልነግራት ኖሮ ለአንድ ሳምንት ገና እናት ይኖራት ነበር። አሁን ግን ካርታው ላይ ተኝታ በአባቴ ፊት ትስቃለች፤ ሻርፑንም ጨረሰችው። እውነቱን ሰጠኋት፤ ልቅሶዋን ግን ከለከልኳት።

ባቡሩ ባዝል ሲደርስ ከመስኮቱ እንዳትነሳ ክንዷን ያዝኩ። «ተነሺ በይኝ፤ ተራሽ ነው። ያውቁብናል» አለች በደች፣ በሹክሹክታ። ከእናቴ ፊት ለፊት፣ መተላለፊያው ዳር ተቀምጣ እስከ ሚላን ፈገግ እንዳለች ሄደች። ተራራው በመስኮቴ አለፈ፤ እንዴት ያለ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሮም ጥቁር የለበሱ ሴቶች በር ላይ ቆመው ሲያዩዋት፣ ገና ያኔ እንደሰማ ሰው ወደቀች። ሃያ ሰው አብሯት አለቀሰ። አባቴ «ሰው መሀል መሆኑ ተሻላት» አለ። እሱም ልክ ነበር፤ ይህን መቀበል እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ቢጫው ሻርፕ በዚያ ሙቀት እስክንመለስ ከአንገቷ አልወረደም።

ዛሬ መርዶ በስልክ ይመጣል፤ ትራም ላይ ቆማችሁ፣ ቦርሳ ይዛችሁ፣ ለሁሉም እኩል በአንድ ጊዜ። እንዲህ ይሻላል እያልኩ እከራከራለሁ። ግን ሳታውቁት ሥጋ የሚያበዛላችሁ የለም።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጆቼ ከዲመን ከተማ መጡ፤ እኔን አያታቸውን በደች «ኦማ» ይሉኛል። ትልቋ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ኦማ፣ በባቡር ሮም እንሄዳለን፤ አንቺም ትመጫለሽ፤ ፅጌም» አለች። ዕቅዱን በሩብ ሰዓት ጨርሰውታል። ልጄ፣ አባትየው፣ ለምንም እሺ የማይለው፣ «እሺ በያቸው እንጂ» አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ሮተርዳም ለፅጌ ደወልኩ።

«ልጆቹ በባቡር ሮም እንሂድ ይላሉ፤ አንቺንም ጨምረው።»

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ትንፋሿን ሰማሁት። በአርባ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ወንበር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

«እንግዲያው» አለች፣ «ከባዝል እስከ ሚላን መስኮቱ የኔ ነው።»