ከድንጋዩ ማዶ ያለችው ጎጆ

የአባየ መታወቂያ ላይ የትውልድ ቦታቸው «ጎንደር» ተብሎ ተጽፏል። ጎንደር ከተማን በዕድሜያቸው ያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ቅድስት አገር እንደገቡ መዝጋቢዋ ጸሐፊ «የየት ከተማ ሰው ነህ?» ስትላቸው፣ ከተማ ስለሌላቸው የሚያውቁትን ጠሩላት። መንደራችን በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ ጸሎት ቤትና አንድ ወንዝ፣ በቃ። ሰዎቿም አንድ በአንድ እያለቁ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ታሪኳን ሳልጽፍ ላልቀመጥ ቆረጥሁ።

ሮቫ አሌፍ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄጄ፣ መጀመሪያ ካርታዋን ልሥል ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አባየ እየነገሩኝ ወንዙን ሣልሁ፣ የቀጥቃጮቹን ቤት ሣልሁ፣ የእኛንና የቀሩትንም ቤቶች ሣልሁ፣ ጸሎት ቤቱን ሣልሁ። ከዚያ ማንም ሳይነግረኝ ዳር ላይ አንዲት ጎጆ ጨመርሁና ዙሪያዋን በድንጋይ ከበብኋት።

«ይኼን አጥፊው» አሉ አባየ። «የልጅ ልጆቼ ቤት ሴፈር ወስደው ለአስተማሪያቸው ሊያሳዩት ነው። የሚሣቅብን አነሰና?»

በወጋችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣም ሆነ ስትወልድ ከመንደሩ ወጥታ እዚያች ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ። ምግቧን እንኳ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ እንጂ አልፎ የሚገባ የለም።

«በዚች ልጅ ሰማንያ ቀን ተቀምጫለሁ» አለች እማየ ምስር እየለቀመች። «እኔንም አጥፉኝ እንግዲህ!»

እኔም ተናደድሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ያሳደጉኝ አባየ ራሳቸው ናቸው።

«አባየ፣ አንቱስ የት ተወለዱ?»

«እዚያው መንደራችን ነዋ።»

«በየትኛው ቤት?» እርሳሱን በአሥራ አንዱም ቤቶች ላይ አዞርሁት። አባየ እርሳሱን በዓይናቸው ተከተሉ።

«መንደሩ ውስጥማ የተወለደ የለም። ሁላችንም ከድንጋዩ ማዶ ነው የተወለድነው። ይቺን ካጠፋሁ ማን ይቀራል? አላጠፋም!» አልኋቸው።

አባየ እጃቸውን ዘርግተው ላጲሱን አነሡ። ጎጆዋንና ድንጋዮቹን ሲፍቁ እንባዬ መጣ፤ ወረቀቱን ልነጥቃቸው ተነሣሁ። እሳቸው ግን እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና፣ ጎጆዋን ሥለው ድንጋዮቹን እንደገና መደርደር ጀመሩ፤ አሁን ግን ወደ ራሳቸው ቤት አስጠግተው።

«አርቀሽው ነበር» አሉ። «ስትወለጂ እሪ ያልሽውን ደጄ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት።»