የጋሽ አደሎ ልጅ ፊርማ

ባለፈው ቅዳሜ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ የሚባል ገጠር ሄጄ ነበር... ደስ የማይል ወሬ ይዤ።

ቦንጋ አስተማሪ ነኝ። ከቀርከሃ፣ ከጭቃና ከእንሰት ቃጫ ስለሚሠራ የቤት ግድግዳ ለማጥናት የምርምር ድጋፍ ልጠይቅ ተነስቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ዕውቀቱ የኔ አይደለም፤ የማንኪራው ቤት ሠሪ የጋሽ አደሎ ነው። ቀርከሃ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ምን እንደሚደረግ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ስማቸውን አብሬ ላስገባ ብዬ መመሪያውን ሳነብ፣ ተባባሪ ተመራማሪው ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል ይላል። ጋሽ አደሎ ደግሞ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«አስቴር ዲግሪ አላት» አሉኝ።

አስቴር ልጃቸው ናት። ሐዋሳ መሐንዲስ ሆና ትሠራለች። አገር ቤት ከመጣች አራት ዓመት አልፏታል።

«የሷን ስም ጻፍ መምህር። ግን... ፊርማው በስልክ ይሆናል?»

«አይሆንም ጋሼ። ቦንጋ ቢሮ ድረስ መጥታ ነው የምትፈርመው።»

ፊታቸው እንደዛ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ማታውኑ ደወልኩላት። «ፈቃድ አይሰጡኝም» አለች መጀመሪያ። የላከኝ ማን እንደሆነ ስነግራት ግን «አባዬ አሁንም ራሱ ነው የሚመርገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መጣች። ፈረመች። አባቷ ቤት ሁለት ሌሊት አደረች። ልሸኛት ስሄድ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ግድግዳ ስትመርግ አገኘኋት። ጋሽ አደሎ ሥራቸውን ትተው ቆመው ያይዋታል። አንዴም አላረሟት።

ውጤቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው... ብቁ አይደላችሁም። ለካ ተባባሪዋ የትምህርት ወይም የምርምር ተቋም ሠራተኛ መሆን ነበረባት። አስቴር የምትሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። እኔው ነኝ በደንብ ያላነበብኩት።

ቅዳሜ ይህን ስነግራቸው ጋሽ አደሎ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነበር። አልተቆጡም። ይቅርታዬን እስክጨርስ ጠበቁኝና ቀና አሉ።

«መምህር... ሌላ መጥታ የምትፈርምበት ወረቀት የለም?»

 ከእንግዲህ የምርምር ጥሪ በወጣ ቁጥር በመጀመሪያ የምፈልገው «በአካል ቀርቦ መፈረም ግዴታ ነው» የሚለውን መስመር ነው።