ባለ አንድ ጓንቷ ሲግሪድ

በእኛ ቤት ደንብ የልጅ ስም የሚያወጣው አያት ነው። ልጄ ስትወለድ አባቴ ስሟን ሲያወጣ ጢሙን እያሻሸ መንደሩን በሙሉ ዝም አሰኝቶ ነበር፤ በግ እንኳ እንዳይጮህ ተደርጓል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። ያን ቀን አይቼ ነው አያት ለመሆን የቸኮልኩት። ልጄ አረገዝኩ ስትለኝ ስሙን ከወጣትነቴ ጀምሬ ቀርጬ፣ አስተካክዬ፣ ሆዴ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ደግ ልጅ ነው። ቁመቱ የመንገድ መብራት ያህላል፤ ቻምበርስ ሮድ ያለችው አፓርታማችን በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ እጅ የሚነሳኝ እየመሰለኝ ደስ ይለኛል። ዘር ማንዘሩ ከኖርዌይ መጥቶ ሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ የሰፈረ ገበሬ ነው። ስም አወጣለሁ ስለው በደስታ ተስማማ። እናቱ ግን፣ ሴት ከሆነች ሲግሪድ ብትባል ደስ እንደሚላቸው ቀስ ብለው ጣል አደረጉ።

ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የማውቀውን መሣሪያ አነሳሁ፤ ስሙን የሚያስጠላ ወሬ።

ሥራዬ ታክሲ ነው። ቀይ ዓይን ያለው ሰማያዊ የፈረስ ሐውልት ከሚያፈጥበት ኤርፖርት አጠገብ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ስልኬን ከፈትኩና፣ በታሪክም በልብ ወለድም ሲግሪድ የተባለችውን ሁሉ ሰርች አደረግኩ። ትርጉሙ ድልና ውበት ነው ይላል። ንግሥቶች አሉ፣ ደራሲ አለች፣ ዘፋኝ አለች፣ በበረዶ ላይ ስትንሸራተት አንደኛ የወጣች አለች። ለእኔ የምትጠቅመኝ አንዷ ብቻ ነበረች፤ ሊያጯት የመጡትን ነገሥታት አዳራሽ ውስጥ ዘግታ ያቃጠለች የጥንት ተረት ንግሥት። ተመስገን አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአማቼ እናት ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ቤታቸው ሴንትራል ፓርክ ነው፤ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ። አውሮፕላኑ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ መቆጣጠሪያ ማማው ግን ዛሬም ቆሞ የሚመጣ ያለ ይመስል ሰማዩን ይጠብቃል። ውጭው በረዶ ነው። እኔም ሾርባው እንደቀረበ ሲግሪዶቼን አንድ በአንድ አስገባሁ። የተቃጠሉትን ነገሥታት ቁጥር ወደ አንድ ክፍለ ጦር አሳደግኩት። ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም የአማቼ እናት፣ ጠንካራ ሴት ነበረች ብለው ድንች ጨመሩልኝ።

ሲጨንቀኝ አንዷን ከራሴ ፈጠርኩ። በአንድ የቆየ መጽሐፍ ውስጥ አለች አልኩ። ሜዳ ላይ የምትኖር ገበሬ ነች፣ የወንድ ቦቲ ጫማ ታደርጋለች። በበረዶ ማዕበል ወጥታ የአንድ እጇን ጓንት ጣለች፤ ጣቶቿም እዚያው ከበረዶው ጋር ቀሩ። ሞታም ስሟን የምትወርስ ልጅ ፍለጋ ትዞራለች። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት በር አታንኳኳም፤ ገብታ አልጋው ግርጌ ትቆማለች።

የአማቼ እናት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"የትኛው እጇ ነው?" አሉኝ።

"ግራው።"

ሚስቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ያን ጊዜ ነው ልጄን ያየኋት። ነርስ ነች፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች፤ የደም መዓት አይታ የማትደነግጥ ልጅ ናት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አፍጥጣብኛለች።

"አባዬ፣ ሽታዋን አልተናገርክም እኮ" አለችኝ። "የተቃጠለ ወተት ነው የምትሸተው። ኤቭሪ ታይም።"

ቀን ስትተኛ ሴትዮዋ እንደምትመጣባት፣ ከገና ወዲህ እንደጀመራት፣ ለባሏ እንኳ እንዳልነገረችው ያን ጊዜ ሰማን። አትቆጣም፣ አትናገርም፤ ግርጌዋ ቆማ ባዶ እጇን ትዘረጋለች።

የአማቼ እናት ወንበራቸውን ወደ ልጄ አስጠጉ። ከዚያ ሲግሪድ የአያታቸው ስም መሆኑን ነገሩን። አያትየዋ ወተት ምድጃ ላይ ጥደው፣ የባላቸውን ድምፅ በማዕበሉ ውስጥ የሰሙ መስሏቸው ወጡ። ሰዎች አግኝተዋቸው እሳቸው ቢተርፉም ግራ እጃቸው አልተረፈም፤ ወተቱም አርሮ ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ነበር። በእነሱ አገር ደንብ፣ ሙት ነፍሰ ጡር ሴት ሕልም ውስጥ እየመጣ ስሙን ይጠይቃል። ከተሰጠው ያርፋል። ከተከለከለ መመላለሱን አይተውም።

ስንወጣ የደረጃው ግድግዳ ላይ ያለውን የቆየ ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት። በቦቲ ጫማ የቆመች ሴት፣ ግራ እጇን በሽርጧ ሥር ደብቃለች። በዚያ ደረጃ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳላውቀው ከዚያ ወስጄው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ወተት ሲያር ፎቶ ላይ አይሸትም።

ከዚያ በኋላ ልጄ እንቅልፍ ፈራች። የደም ግፊቷ ወጣ። ሐኪሟ፣ ዕረፍት ካላገኘች ልጁን ቀድመን ማውጣታችን ነው አላት። የአማቼ እናት በየቀኑ እየደወሉ፣ ስሙን ስጧትና ሟቿም ልጃችሁም ይተኙ ይላሉ። ሚስቴ ጸበል ይዛ የልጇን መኝታ ቤት አራት ማዕዘን ረጨች፤ እኔንም ጨምራ ረጨችኝ፤ ምንጩ አንተ ነህ ብላ። የማናውቀውን ሙት በስሙ ጠርተን ቤት እናስገባ ወይ አለች። የእኛስ ሰው በሞተ ልጅ ፋንታ ምትኬ፣ ካሳ እያለ ይሰይም የለም ወይ ብዬ ተከራከርኳት።

"እሱ የራሳችን ሙት ነው" አለችኝ። "ይቺ የማን እንግዳ ናት?"

እኔ ደግሞ ከልጄ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ጓንቱንም መጽሐፉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው እያልኩ ማልኩላት። ጉድ እኮ ነው። ዕድሜ ልኬን እውነት ስናገር ውሸቱን ነው ሲሉኝ ኖረው፣ ውሸቴን ነው ስል የሚያምነኝ ጠፋ።

"አባዬ፣ ዩ ስታርትድ ኢት" አለችኝ ዓይኖቿን ሳትጨፍን። "ስም የምታወጣው አንተ ነህ። በቃ፣ አንተ ንገራት።"

ምን ብዬ? ሆዴ ያኖርኩት ስም የእናቴ እናት ስም ነበር። የሰው አያት እንድትገባ የራሴን አያት ከደጅ ላስቀር?

ልጅቱ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች። የዳቦ ቁራሽ ታክላለች፣ ግን ድምፅዋ ጎረቤት ከተማ ኮሜርስ ሲቲ ድረስ ይሰማል። ደህና ናት ብለው ወደ ቤት ላኩን፤ ልጄም አራስነቷን እኛ ጋ ልታሳልፍ መጣች። የሕፃኗ ግራ እጅ ብቻ አልፈታ አለ። ቀኙን ትዘረጋለች፣ ትቧጥጣለች፤ ግራው እንደተጨበጠ ነው። ሐኪሞቹ አይተው ችግር የለውም፣ ሕፃን እንዲህ ያደርጋል፣ ራሷ ትፈታዋለች አሉ። ሚስቴ በሞቀ ጨርቅ አሸችው፤ አባትየው በዚያ ረጅም ጣቱ ቀስ ብሎ ሞከረው። ልጄ ያንን እጅ ታያለች። አሁንም አትተኛም። ሴትዮዋ ከአልጋዋ ግርጌ ተነስታ ሕፃኗ አልጋ አጠገብ መቆም ጀምራለች አለችን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አማቼ ሥራ ላይ ነው። ሚስቴ ወጥ ቤት ሽሮ ታማስላለች። ልጄ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። ሕፃኗን አቅፌ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ከታች ቻምበርስ ሮድ ላይ የቀለጠ በረዶ መኪናው ሁሉ ይረጫል። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ የአያቴን ስም ነገርኳት። ምንም የለም። ደግሜ ነገርኳት። ጭብጧ ይበልጥ ጠበቀ።

ቀና ስል መስታወቱ ላይ የሁለታችን ጥላ አለ። ከጀርባችን ደግሞ ሌላ የቆመ ነገር ያለ መሰለኝ። ዞሬ ግን አላየሁም፤ ቀልደኛ ነኝ እንጂ ጀግና ነኝ አላልኩም።

"ሲግሪድ" አልኳት።

ጣቶቿ ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ ተፈቱ። መዳፏን በጣቴ ነካሁት። በረዶ ይዞ እንደከረመ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ እዚያው ጣቴ ላይ ቀስ እያለ ሞቀ።

ከኋላዬ ማንኮራፋት ሰማሁ። ልጄ አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇ ከሶፋው ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሕፃንነቷ ተኝታለች።

"አንተ ሰውዬ!" አለች ሚስቴ ከወጥ ቤት። "ወተት ጥደህ ረሳህ እንዴ? አረረ እኮ።"

ዓቢይ ጾም ነበር። በእኛ ቤት ከልጄ ጡት በቀር የወተት ጠብታ አልነበረም። ራሷም የተናገረችው ገባት መሰለኝ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። የተኛችውን ልጇን አየች፤ የተፈታውን እጅ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሽታው ለእኔም ደረሰኝ።

"የትኛውን ስም ነው የነገርካት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

"እንግዲህ ስሟን ካገኘች አታስቁማት" አለችኝ። "በሩን ክፈትላት።"

ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ሄጄ ከፈትኩ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከውጭ ወደ ቤት መግባት ሲገባው፣ ከቤት ወደ ውጭ በቁርጭምጭሚቴ አጠገብ አልፎ ወጣ። እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩና ዘጋሁት።

ልጄ እስኪመሽ አልነቃችም።